የሉድቪክ ጠመንጃ

ባሏ ሉድቪክ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሟቹ የአደን ጓደኛ ቦጎሚር ለሦስተኛ ጊዜ የቲልካን ደጅ ረግጦ ያንኑ ጉዳይ አነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ የተቀዳለትን የፕሪም አረቄ ግማሹን ብቻ ጠጣ፤ ስለ ዝናቡ መዘግየትና ድብ ስላፈረሰው የጎረቤት ቀፎ ሲያወራ ቆየ። በመጨረሻ ዐይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ የሉድቪክ ጠመንጃ ለሴት ትከሻ እንደማይሆን ተናገረ። እሱ ዘንድ ቀለል ያለ፣ እምብዛም ያልተተኮሰበት ሌላ ጠመንጃ አለ። ብትለዋወጠው ለሁለቱም ይበጃል።

ቲልካ «አስብበታለሁ» አለችው። ሃያ ስምንት ዓመት ከፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ የተቀመጠች ሴት ናት። በሌላ ሰው ስም የመጣ ጥቅል ሊወስድ የሚፈልግ ሰው ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ጠንቅቃ ታውቃለች። የቦጎሚርም ድምፅ በጣም ለስልሶ ነበር።

የምትጠረጥርበት ምክንያት ነበራት። የመንደሩ የአዳኞች ማኅበር ከስኔዥኒክ ተራራ ሥር ባለው ደን ውስጥ፣ ቀንዱ የሞላ፣ ዕድሜው የገፋ ትልቅ አውራ አጋዘን በዓመት አንድ ብቻ እንዲገደል ይፈቅዳል፤ ይህም ዕድል ለአባላቱ በተራ ይደርሳል። ሉድቪክ ተራው ሊደርሰው ሁለት ዓመት ሲቀረው ልቡ በድንገት ቆመ። ቲልካ በሐዘን ልብሷ መጽሐፍ አገላብጣ፣ የአዳኝነቱን ፈተና አልፋ፣ የማኅበሩ አባል ሆነች፤ ጉባኤውም ረጅም ከተከራከረ በኋላ የሟቹ ተራ ለሚስቱ እንዲተላለፍ ወሰነ። ነገር ግን እስከ መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ የምትተኩስበትን ጠመንጃ አስመዝግባ፣ በማኅበሩ ሰዎች ፊት ከመቶ ሜትር ርቀት ከአምስት ጥይት አራቱን የስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ውስጥ ማሳረፍ አለባት። ካልቻለች ዕድሉ ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ ያልፋል። ቀጣዩ ባለ ተራ ደግሞ ቦጎሚር ነው።

ጠመንጃው «ስምንት በስልሳ ስምንት» የሚባለው ነው። የፊተኛው ቁጥር የእርሳሱን ውፍረት፣ የኋለኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይናገራል፤ በዚያ ደን አጋዘን ከሚታደንባቸው ጠመንጃዎች መካከል የእሱን ያህል ባሩድ የሚጎርስ አልነበረም። ሉድቪክ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ይዞ አያውቅም። በዚሁ የጣላቸው ዘጠኝ አጋዘኖች ቀንዳቸው፣ ከየሥሩ ቀኑና ቦታው በነጭ ቀለም ተጽፎ፣ በመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትልቁ የተራ አጋዘን ብቻ ነው የጎደለው። ቲልካ አሥረኛውን በዚያው ጠመንጃ ጥላ ከጎናቸው ለመስቀል ለራሷ ቃል ከገባች ቆይታለች፤ ጠመንጃውን መለወጥ ቃሏን ማጠፍ ይመስላት ነበር።

ይሁን እንጂ በሐምሌ ወር፣ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረው ገደል ውስጥ ባለው የተኩስ ሜዳ ስትለማመድ፣ ከአምስቱ ጥይቶች ክቡ ውስጥ የገባው አንድ ብቻ ሆነ። አራቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ሸሽተው ነበር። ሰደፉ የመታው ትከሻዋ ለሳምንት ያህል ጠቆረ። ቦጎሚር ከኋላዋ ተቀምጦ በአቅራቢ መነጽር ሲመለከት ቆይቶ፣ «እኔ ነግሬሻለሁ» ብቻ አላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እሷ የመሣሪያ ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ፣ ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ ጠመንጃው አሥራ አራት ወር ሙሉ የተቆለፈው በቦጎሚር የብረት ሣጥን ውስጥ ነበር። ሲመልስላትም «አጽድቼዋለሁ» ብሏታል። የጠመንጃ መነጽር ማስተካከያው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ጥይቱን ከክቡ ለማስወጣት ደግሞ የሩብ ዙር ያህል ማላላት ይበቃል።

በነሐሴ መጨረሻ አባላቱ በደኑ ውስጥ ያሉትን የመጠበቂያ ማማዎች ሲጠግኑ ውለው፣ ማታ በማኅበሩ ጎጆ የጎምዛዛ ጎመንና የባቄላ ሾርባ ፊት ተቀመጡ። ቲልካም ነገሩን እንደ ዘበት ለማውጣጣት፣ ለትልቅ አውራ አጋዘን የሚሻለው ጥይት የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ጎጆው ወዲያው ተንጫጫ። አንዱ በየሱቁ የሚገኘውን የአሜሪካኖቹን «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» አወደሰ። ሌላው ድብ የሚጥለውን ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሲያነሣ፣ የሱ ጥይት አጋዘኑን ብቻ ሳይሆን ወጡንም ጭምር እንደሚገድለው፣ ባለፈው ዓመት ካመጣው ሥጋ ሚስቱ ጥርሷን እስክትነቅል ድረስ እርሳስ እንዳገኘችበት አስታውሰው ተሳለቁበት። የማኅበሩ ሹም ሲልቮ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ።

«ቲልካ፣ እነዚህን አትስሚያቸው» አላት። «ወንድ ጥይት የሚመርጠው ሚስት በመረጠበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል፤ ምክንያቱን ኋላ ቀስ ብሎ ይፈልግለታል።»

ሳቁ ሳይበርድ፣ «የሉድቪክስ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ሳቁ ተቋረጠ። ሲልቮ ሾርባው ላይ አቀረቀረ፤ ያ ባለ ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ ዳቦውን ሁለት ቦታ ቆረሰ፤ ሁሉም በየተራ ለአንዲት አፍታ ቦጎሚርን ሰረቅ አድርገው አዩትና ስለ ማማዎቹ መሰላል ማውራት ጀመሩ። ቲልካ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። እዚያ ጎጆ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር እንደሚያውቅ፣ የነገሩም ቁልፍ በቦጎሚር እጅ እንዳለ ጥርጥር አልቀረባትም።

በማግስቱ ለማንም ሳትናገር ጠመንጃውን በመኪናዋ ጭና ወደ ፖስቶይና ከተማ ሄደች። እዚያ ኦቶ የሚባል፣ ጆሮው ግማሽ የደነቆረ አዛውንት ጠመንጃ ሠሪ አለ፤ ከሱቁ ሥር በተቆፈረ ረጅም ዋሻ ውስጥ ጠመንጃ ይፈትናል። የመነጽሩ ብሎኖች ተነካክተው እንደሆነ እንዲያይላት ጠየቀችው።

«ማን ነካው ብለው ነው የሚጠረጥሩት?» አላት።

«ስም አልጠራሁም።»

«አልጠሩም። ግን በመንደርዎ አጠገብ ሌላ ሠሪ እያለ እዚህ ድረስ የመጡት የኔን መልክ ናፍቀው አይመስለኝም።»

ከዚህ በላይ አልጠየቃትም። ጠመንጃውን በብረት ማሠሪያ ጠፍንጎ፣ ትከሻውን ሳያስነካ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ወረቀቱን ሲያመጣላት ሦስቱ ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው ተነካክተው እንደ ባለ ሦስት ክንፍ የማገጥ ቅጠል አንድ ላይ ገጥመዋል። ከመሃሉ የራቁት በአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ጠመንጃው ምንም እንከን የለበትም አላት። ቲልካ እፎይ ልትል ሲገባት ይልቁን ተናደደች፤ ጥፋቱ የቦጎሚር ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ኦቶ እሷ ራሷ እንድትተኩስ ጋበዛት። ጥይቱን አንድ በአንድ የሚያጎርስላት እሱ ነበር፤ ሲያጎርስም በጀርባው ይከልልባት ነበር። የመጀመሪያው ፈነዳ፤ ትከሻዋን እንደ ልማዱ መታት። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ትንፋሿን ይዛ፣ ዐይኗን አጥብባ፣ ምላጩን ሳበች፤ «ቋ» ከምትል ትንሽ ድምፅ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። አፈሙዙ ግን፣ ምንም ሳይመታው፣ ውሃ እንደምትጠጣ ዳክዬ ወደ ታችና ወደ ግራ ሲደፋ በገዛ ዐይኗ አየችው።

«ያ ጥይት ባሩድ የለውም» አለ ኦቶ። «ትከሻዎ ምቱን ቀድሞ ይፈራና ጠመንጃውን ይደፋዋል። ሌላ ጊዜ ፍንዳታው ስለሚሸፍነው አይታይም።»

ቲልካ ጉንጯ ጋለ። «ሴት ስለሆንኩ ነው?»

«ይኸን ጠመንጃ እኮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ድሮም አይቼዋለሁ፤ እንዲሁ ሲደፋ። ያኔ የያዘው ሴት አልነበረም።»

ኦቶ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ተጸጸተ፤ የጽዳት ጨርቁን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ቲልካ ግን ከወንበሯ ሳትነሣ ጠበቀችው። እሱም ቀስ በቀስ ተናገረ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሉድቪክ ግንድ ወድቆበት የትከሻው አጥንት በተሰበረ በዓመቱ፣ ከቦጎሚር ጋር መጥቶ ነበር። እንደ እሷ መነጽሩን ነበር የከሰሰው። እንደ እሷም ባዶው ጥይት «ቋ» ሲል ሰምቶ፣ አፈሙዙ ሲደፋ አይቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። በማግስቱ ቦጎሚር ብቻውን ተመለሰና፣ አንድ ኩሩ ሰው ሳያፍር ሊለምደው የሚችል ለስላሳ ጥይት የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ኦቶም «ስድስት ተኩል በሃምሳ ሰባት» የሚጎርስ ጠመንጃ ሸጠለት። ሉድቪክ ይቀበለው አይቀበለው ከዚያ በኋላ አልሰማም።

ቲልካ ወደ መንደሯ ስትመለስ በመጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ኦቶና ቦጎሚር ተመካክረው ይሆናል የሚል ነበር። ቦጎሚር ቀድሞ ደውሎለት፣ «እንዲህ ብለህ ንገራት» ብሎት ቢሆንስ? መንገዱ ጫካውን አቋርጦ ሲወጣ ግን ሌላ ሐሳብ ያዛት፤ ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር። ወረቀት ላይ ሲተኩስ እንኳ አፈሙዙ የሚደፋበት ሰው፣ ልብ እየደለቀ በሚተኮስበት፣ አጋዘኖች በሚያጓሩበት ወቅት እንዴት አድርጎ መትቶ ይጥላል? ከአደጋው በኋላ ያለ ቀን የተጻፈባቸው ቀንዶች ግድግዳው ላይ አሉ። እነሱን የጣላቸው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ማንም ቀጥተኛ መልስ እንደማይሰጣት ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ቦጎሚር ግቢ ታጠፈች።

ቦጎሚር ለክረምት የፈለጠውን እንጨት ከግድግዳው ጥግ እየደረደረ ነበር። ቲልካ ሰላም ሳትለው ፊቱ ቆመች።

«ከኦቶ ዘንድ ነው የምመጣው» አለችው። «ሁሉንም ነግሮኛል። ግድግዳዬ ላይ ካሉት አምስቱን የጨረስካቸው አንተ ነህ።»

«አራት ናቸው» አለ ቦጎሚር።

ወዲያው የተናገረው ገባው። የያዘውን ፍልጥ ከክምሩ ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። ኦቶ ስለ አጋዘኖቹ አንድም ቃል እንዳልተናገረ ከፊቷ ተረድቷል፤ ቢሆንም ከሟቹ ላይ አንድ አጋዘን ያለ አግባብ ሲወሰድበት ዝም ብሎ መስማት አልሆነለትም ነበር።

«በደንባችን የመጀመሪያውን ጥይት ያሳረፈ ሰው ነው ባለቤቱ» አለ። «የመጀመሪያው ጥይት ሁልጊዜ የሱ ነበር። ማንም ሌላ ሊልሽ አይችልም።»

«የት ነበር የሚያሳርፈው?»

«ቲልካ፣ ተይው።»

«የት?»

«እግሩን። አንደኛውን ሆዱን።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳትጠይቀው ጨረሰላት። ሉድቪክ ሲተኩስ አጋዘኑ ይሮጣል፤ ቦጎሚር ውሻውን አስከትሎ ደሙን ተከትሎ ብቻውን በደኑ ውስጥ ወዳለው ገደል ይወርዳል፤ ከውስጥ ሁለተኛ ተኩስ ይሰማል። እንደ ልማዱም ለገዳዩ የሚሰጠውን የጥድ ቀንበጥ ሰብሮ፣ በቁስሉ ደም ነክሮ፣ ባርኔጣው ላይ አድርጎ ለሉድቪክ ያቀርብለታል፤ ሉድቪክም ቀንበጡን በባርኔጣው ይሰካል፤ ይጨባበጣሉ። ስለ ሁለተኛው ጥይት አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የማኅበሩ ሰዎች ግን እስከ ሁለት መቁጠር አያቅታቸውም፤ ሁሉም ሰምተዋል፤ ሁሉም ዝም ብለዋል።

«ታዲያ እኔን ለምን ለሴት አይሆንም ትለኛለህ?» አለች ቲልካ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። «የሰማሁህ ሦስት ጊዜ ነው።»

«ለሉድቪክም አልሆነም ልልሽ ኖሯል?»

በዚህ ሁኔታ ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ይቅርታ ትጠይቅ ይሆናል። እሷ ግን የጥርጣሬዋ ጫፍ ገና አልተፈታላትም።

«እሺ፤ ለመተኮስ ካልሆነኝ ያችን ለሱ የገዛሃትን ልታውሰኝ ትችል ነበር። ለምን ልለውጥሽ አልክ? ጠመንጃውን ለምን ፈለግኸው?»

«ከእጅሽ እንዲወጣ ብዬ ነው» አለ። ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «እወደዋለሁም። ሠላሳ ዓመት ከጎኑ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ ተኩስበት ብሎኝ አያውቅም።»

«ተራውንስ?»

ቦጎሚር አልሸሸም። «ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያንቺ ካመለጠ ይደርሰኛል፤ ካላመለጠ እኔ ዘንድ እስኪዞር በእግሬ ተራራ የምወጣ አይመስለኝም። ይለፋት ብዬ ጸልያለሁ አልልሽም፤ አላሰብኩም ካልኩሽም ዋሽቻለሁ።»

ከሦስቱ መልሶች የመጀመሪያውን በግማሽ፣ የኋለኞቹን ሁለት በሙሉ አመነችው። ስድስት ተኩሏን ጠመንጃ እንዲያመጣላት ሲጠይቃት አልተቀበለችም፤ ደግነቱም ቢሆን ዕዳ እንዲሆንባት አልፈለገችም።

በማግስቱ ወደ ኦቶ ተመለሰችና የሉድቪክን ጠመንጃ እንዲሸጥላት ተወችለት። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ስድስት ተኩሉ ለትንንሾቹ እንደሚበቃ፣ አውራው ግን በመስከረም ወፍሮ ትከሻው ስለሚደነድን፣ ጥቂት ከበድ ያለ እርሳስ እንደሚያሻው ኦቶ አስረዳት። ከስምንት በስልሳ ስምንቱ በታች፣ ከስድስት ተኩሉ በላይ የሆነውን «ሰባት በሃምሳ ሰባት» አቀረበላት። አሮጌ ነገር ነው፤ ማንም አይፎክርበትም፤ ርግጫው የስምንቱን ግማሽ አያህልም። ቲልካ ቃሉን ብቻ ሰምታ አልተቀበለችም። እሷ ሳታይ ባዶ ጥይት እየቀላቀለ እንዲያጎርስላት አዘዘችውና ሃያ ጊዜ ምላጭ ሳበች። ባዶዎቹ «ቋ» ሲሉ አፈሙዙ ካለበት አልተነቃነቀም። ጠመንጃውን የመረጠችው ያኔ ነው። ከመውጣቷ በፊትም ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ በመነጽሩ በሁለቱ ብሎኖች ላይ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ማንም ቢያዞራቸው መስመሩ ይሰበራል። ኦቶ ይህን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቅዳሜ ዕለት የማኅበሩ ሰዎች በተኩስ ሜዳው ተሰብስበው ጠበቋት። አዲሱን ጠመንጃ ሲያዩ ተያዩ፤ አንዱ የአያቱን ጥይት እንዳመጣች ቀለደ፤ ሌላው ደግሞ አያቱ ሳይራቡ እንደሞቱ መለሰለት። ቲልካ ጠመንጃዋን ለማንም አላስያዘችም፤ ጥይቶቹንም ከራሷ ኪስ አወጣች፤ ከመተኛቷ በፊት ጎንበስ ብላ ቀይ መስመሮቹን መረመረች። አልተሰበሩም። አምስት ጊዜ ተኮሰች። ሲልቮ ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ አራቱ ክቡ ውስጥ ነበሩ፤ አምስተኛው የክቡ መስመር ላይ አርፏል። ሹሙ እጇን ጨብጦ ፈቃዱን በመኪናው ጣሪያ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ አጋዘን የሚያድን ሰው ደኑን የሚያውቅ አጃቢ ሊኖረው ግድ ነው። ሲልቮ ማንን እንደምትመርጥ ሲጠይቃት ሰዎቹ ጫማቸውን አዩ። ቦጎሚር ከሁሉም ኋላ ቆሟል።

«ቦጎሚርን» አለች።

አዛውንቱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ ደፋው። ከደስታው የተነሣ ድምፁ ሻክሮ፣ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ደጇ ላይ እንደሚገኝ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሰኞ ማታ ወጥቶ እንደሚያይላት ነገራት።

«ጥሩ» አለች ቲልካ። «ጠመንጃህን ግን እቤት ትተወዋለህ።»

ሲልቮ ብዕሩን አቆመ። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። በደኑ ውስጥ ድብ እንዳለ፣ አጃቢ ያለ መሣሪያ ሄዶ እንደማያውቅ አንድ ሰው አጉረመረመ፤ ቲልካ ወደ እሱ አልዞረችም።

«አጋዘኑ በኔ ጥይት ከወደቀ ይወድቃል» አለች፣ ቦጎሚርን እያየች። «ካልወደቀም መቁሰሉን ራሴ ለሲልቮ አስታውቄ፣ ውሻ አስጠርቼ፣ ፍለጋውን ራሴ እከተላለሁ። ከገደል ውስጥ ሁለተኛ ተኩስ መስማት አልፈልግም።»

የቦጎሚር ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ኋላ መቅላቱ ለቀቀው። ሰዎቹ ሁሉ እሱን እንጂ እሷን እንደማያዩ ታውቅ ነበር፤ እሷም የዐይኑን ሽፋሽፍት ሳይቀር ትጠብቅ ነበር፣ ቅር እንዳለው ወይም እፎይ እንዳለ ለመለየት። መለየት አልቻለችም።

«በትርስ መያዝ ይፈቀድልኛል?» አላት በመጨረሻ።

«በትር ያዝ።»

ሲልቮ ከስሟ ሥር የቦጎሚርን ስም ጻፈ፤ ወረቀቱን እፍ ብሎ አደረቀና ለእሷ ሰጣት።